ሦስት ሽማግሌ ለአንድ ማሽን

ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ምግባር አስተምሬአለሁ። አዳማ ውስጥ በእኔ ክፍል ያላለፈ ወጣት ጥቂት ነው። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ «ቲቸር!» ይለኛል፣ ከዚያ በቀይ መብራት ያልፋል። በእነዚህ ዓመታት ለፈተና ካወጣኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው አንድ ነበር፤ «አንድ ሰው ስለ ራሱ መወሰን በማይችልበት ጊዜ ማን ይወስንለት? ከነምክንያቱ አብራራ።» አሥር ማርክ ነበረው። ባለፈው ዓመት ያው ጥያቄ በአባቴ በኩል ዞሮ ለራሴ ሲቀርብልኝ፣ ማብራሪያውም ምክንያቱም ጠፋኝ። ወረቀቴን የሚያርም ቢኖር ዜሮ ሰጥቶ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ይለኝ ነበር።

አባዬ የወደቀው ጎሚስታ ቤት ነው። ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነድቷል፤ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ በር ላይ ወንበር ይዞ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሰው ጎማ ይመረምር ነበር። ያን ቀን ማክሰኞ ነው፤ የአንድ ሚኒባስ የኋላ ጎማ ሲነፋ «በዛ፣ ቀንስለት» አለ አሉ። ጎሚስታው አልበዛም አለ። አባዬ ሊመልስለት አፉን ከፈተና ወደ ጎን ዘመም አለ። እዚያው ማንቀላፋት ልማዱ ስለነበረ ጥቂት ደቂቃ ማንም አልነካውም። ጎሚስታው እስካሁን ሲያገኘኝ ያለቅሳል። ነፋሱ በእርግጥ በዝቶ እንደነበረም ያምናል።

ሆስፒታል ሲደርስ ትንፋሹ ሊቆም ደርሶ ነበርና በአፉ ቱቦ አስገብተው መተንፈሻ ማሽን ላይ አደረጉት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። በሰባተኛው ቀን ሐኪሙ ሦስታችንን ልጆቹን ጠራን። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ሥር በእንቅልፍ እጦት የጠቆረ። ተማሪዬ አልነበረም፤ ቢሆንም መምህር መሆኔን ከሰማ ጀምሮ ሲያናግረኝ እጁን ከኪሱ ያወጣል።

«ሦስት ሐኪሞች ሆነን ደጋግመን አየናቸው» አለን። «አንጎላቸው በጣም ተጎድቷል። አይነቁም። የሚተነፍስላቸው ማሽኑ ነው። ይቀጥል ካላችሁ ልባቸው ለቀናት፣ ምናልባትም ለሳምንታት ሊመታ ይችላል። ይነሣ ካላችሁ ደግሞ እንዳያማቸው አድርገን እናነሣዋለን። ሕጉ ቁልጭ አድርጎ እንዲህ አድርግ አይለኝም፤ እኔም ቤተሰቡ በአንድ ቃል ሳይስማማ አልነካውም። ለመሆኑ እሳቸው ራሳቸው ምን ይፈልጉ ነበር? የተናገሩት፣ የጻፉት ነገር አለ?»

አባዬ በሕይወቱ ሲጽፍ ያየሁት የመኪና ታርጋ ብቻ ነው። ስለ ሞትማ በእኛ ቤት አይወራም፤ የጀመረ ሰው «አታሟርት!» ተብሎ ይባረራል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በበዓል ቀን ወንድሜ ትንሽ ጠጥቶ ደፈረና «አባዬ፣ ዕድሜህን ያርዝመውና፣ ምናልባት አንድ ቀን… የት እንድንቀብርህ ትፈልጋለህ?» ብሎት ነበር። አባዬም «እኔ በእግሬ አልሄድ፤ የጫነኝ ያውቃል» ብሎ ሪሞቱን እንዲያቀብለው ጠየቀ። የቤተሰባችን ሙሉ ኑዛዜ ይኸው ነው። ለሐኪሙ ነገርኩት። በትሕትና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ ምን ብሎ እንደጻፈው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እንግዲህ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድሜ ወለንጪቲ ሽንኩርት ይነግዳል፤ ድምፁ ያለ ማጉያ ከገበያው እስከ መናኸሪያው ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው፣ ያውም ከድግሱ አቅጣጫ። የመጨረሻዋ እህቴ ባንክ ትሠራለች፤ ጌታን ከተቀበለች አሥር ዓመት አልፏታል፣ ለእኛም ሳትታክት ትጸልያለች። ሰው ሁሉ እህቴ ተአምር እንጠብቅ፣ ወንድሜ ደግሞ ይነቀል የሚል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ።

«ጌታ ሊያስነሣው ከፈለገ መብራት ኃይል አያስፈልገውም» አለች እህቴ። «አልዓዛር ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር እንዴ? ይነሣለትና ለእግዚአብሔር እንተወው።»

«እኔ አባቴን በእጄ አልገልም!» አለ ወንድሜ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለ ጠያቂ ሁሉ ዞሮ አየን። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ብርቱካን ጥላ አማተበች።

ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ተጀመረ። ኑዛዜ ስለሌለ፣ አባዬ በሕይወት ዘመኑ ስለ ማንኛውም ነገር የተናገረው ሁሉ ተመዘዘ። ወንድሜ ኤንትሬውን አነሣ፤ አባዬ የራሱ አድርጎ የያዛት ብቸኛ መኪና፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የጣሊያን ጭነት መኪና ነበረች።

«ያቺን ኤንትሬ ስንት ዓመት በብየዳ አቆያት! ሰው ሁሉ ለቆራሌው ስጣት ሲለው እምቢ አላለም? አባዬ ነገር ቶሎ የሚተው ሰው አይደለም።»

«በመጨረሻ ሸጣት አይደል እንዴ?» አለች እህቴ። «የሸጠ ቀን እየዘፈነ ነው የገባው።»

«አልዘፈነም፣ አለቀሰ!»

«እያለቀሰ ዘፈነ!»

«አባዬ መኪና ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው። ግን እኔም እውነቱን ለማስታወስ እየታገልኩ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ዘፍኗልም፣ አልቅሷልም። ከዚህ ምን ፍርድ ይወጣል?

እኔ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ነበርኩ፣ ከሰዓት ከእህቴ። ወደ ክፍሉ ስገባ ደግሞ ከማንም ጋር አልነበርኩም። አባዬ ሲያንኮራፋ የጎረቤት ውሻ የሚያስነሣ ሰው ነው፤ እንቅልፉ ሳይቀር ክርክር ነበር። አሁን ደረቱ እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል፣ አያቆራርጥም፣ አይቆጣም። እጁ ይሞቃል። ያ የሚሞቅ እጅ ጉድ ሠራኝ፤ ሙቅ እጅ ይዞ ማን «ይብቃ» ይላል? ደግሞ ያን እንደ ደወል የተለካ ትንፋሽ እየሰማ ማን «ይቀጥል» ይላል? በጣም ፈራሁ። ሐኪሙ «እናታችሁ ካመማቸው፣ ከልጆቹ ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ የሚፈርሙት እርስዎ ይሆናሉ» ብሎኝ ነበር። ብፈርም ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ገዳይ ይለኛል፣ ባልፈርም እህቴ ጨካኝ ትለኛለች። እኔ ራሴን የምለውማ ገና አልታወቀም።

እማዬ ያላወቀችበት ምክንያት እኔ ነኝ። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ በመጀመሪያው ቀን አባዬን በበሩ መስታወት በኩል አይታ ጉልበቷ ከዳት። ከዚያ በኋላ «ጠያቂ ተከልክሏል፣ እየተሻለው ነው» ብለን ቤት አስቀመጥናት። በእኛ አገር ለበሽተኛ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ለበሽተኛ ሚስትም እንደዚሁ። ችግሩ፣ እማዬ ባሏ የተሻለው ከሆነ መብላት አለበት ብላ ጠዋት ጠዋት የበግ ሾርባ በፔርሙዝ መላክ ጀመረች። አባዬ የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ፣ ሆስፒታሉ የሚያዘውን ነው። የእማዬን ሾርባ መድፋት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ሦስታችን በተራ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠን እንጠጣዋለን። ማታ ባዶውን ፔርሙዝ ስመልስላት «ወደደው?» ትለኛለች። «በጣም ወደደው» እላታለሁ። ሥነ ምግባር አስተማሪዋ እኔ፣ ዓይኗን እያየሁ። በዚያ ሳምንት ሁለት ኪሎ ጨመርኩ።

በዚህ መሐል አክስቴ ከደራ መጣች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት፤ አርሲ ውስጥ ሙስሊም አግብታ እስልምናን ከያዘች አርባ ዓመት ሆኗታል። ከሚኒባስ ስትወርድ ሻርፗን እያስተካከለች የሁላችንንም ክርክር አንድ በአንድ ሰማችና ገረማት።

«ለዚህ ነው እንዴ የምትናከሱት? ሽማግሌ ላኩበታ!»

«በማን ላይ?»

«በሐኪሙ ላይ!»

አትሳቁ። በቤተሰባችን ያለ ሽማግሌ የተፈታ ነገር የለም። የእኔ ጋብቻ፣ የወንድሜ ፍቺ፣ የወንድሜ ከፍቺ መመለስ፣ ከጎረቤት ጋር የነበረው የአጥር ጉዳይ፣ ሁሉም በሽማግሌ ነው ያለቀው። ሰው እምቢ የሚልህን ነገር ሦስት ሽማግሌ ቆመው ሲጠይቁት እሺ ይላል። ከሐኪሙ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። አክስቴ ሐኪሙ ሁላችንንም የሚያስማማ ሌላ መፍትሔ የደበቀ ሳይመስላት አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ ተመረጡ። አንዱ የዕድራችን ዳኛ፣ ሁለተኛው ከአባዬ ጋር ሠላሳ ዓመት መንገድ የዋሉ ጡረተኛ ሾፌር፣ ሦስተኛው አክስቴ ከደራ ያስመጣቻቸው፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ረጅም ሐጂ። ሐጂን ከመናኸሪያ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ባጃጁ ውስጥ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ የሚግለውን ነገር ተናገርኩ።

«ሐጂ፣ እባክዎ ሐኪሙ ራሱ ይወስን ይበሉልኝ። የተማረው እሱ ነው። እኛን ሳይጠይቀን የመሰለውን ያድርግና፣ ካለቀ በኋላ ይንገረን። እኔ መፈረም አልችልም።»

ሐጂ አዩኝ። «ኢንሻአላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ወንድሜ ጡረተኛውን ሾፌር ቀድሞ አግኝቶ «ማሽኑ እንዳይነካ በሉልኝ» ብሏቸው ኖሯል። እህቴም ዳኛውን ሻይ ጋብዛ «አባዬ ደክሞታል፣ ይነሣለት በሉልኝ» ብላቸዋለች። አንዳችን የሌላችንን አላወቅንም። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ አልተጠያየቁም፤ ሁሉም ጉዳዩ አንድ መስሏቸዋል።

ረቡዕ ጠዋት፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ሐኪሙ ጠባብ ቢሮ ገባን። ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እኔ በሩ ላይ፣ ወንድሜና እህቴ ከኋላዬ፣ አክስቴ በብብቴ ሥር አጮልቃ። ሐጂ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብለው ጀመሩና ጤናውን፣ የቤተሰቡን ጤና፣ የከብቱን ጤና ጠየቁት። ሐኪሙ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። «ደህና ናቸው» አላቸው።

«ተቀመጡ አባቶቼ።»

«አንቀመጥም» አሉ ዳኛው። «ጥያቄ ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ሐኪሙ ተቀምጦ ነበር፤ ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጡ ከበደውና ተነሣ። «እሺ፣ ማለቴ… ጥያቄያችሁ ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ እሺ ይበሉን።»

«ሳልሰማ እንዴት እሺ እላለሁ?»

«አባትህ ሲያዝህ ሰምተህ ነው እሺ የምትል?» አሉት ሾፌሩ። «ሦስት ሽበት ፊትህ ቆሟል!»

አንዲት ነርስ ፋይል ይዛ ልትገባ ሞከረች፣ የአክስቴን ጀርባ አልፋ ግን መግባት አልቻለችም። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፣ ሽበቱን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ የእናቱን ልፋት ያኔ ነው ያየሁት።

«እሺ» አለ።

«ተባረክ! እደግ ተመንደግ!» ተባለና ሁሉም ተቀመጡ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ወንድማችን ደክሟል። ማሽኑ ይነሣለትና በሰላም ይረፍ ነው የምንለው።»

ሾፌሩ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ምን? እንዳይነሣ ልንለምን አይደል እንዴ የመጣነው? እኔ የተላክሁት እንዳይነካ በል ተብዬ ነው!»

«ማን ላከዎት?»

«እርስዎንስ ማን ላከዎት?»

ሐጂ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ረጋ ባለ ድምፅ «እኔ ደግሞ የተላክሁት ሐኪሙ ብቻውን ወስኖ ለማንም እንዳይነግር ነው» አሉ። ያንን ሲሉ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ሁሉም ከእሳቸው ጋር ዞረ።

የሆስፒታሉ ወለል ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ «እትዬ!» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ በቀስታ። ሐኪሙ ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸው።

«ይቅርታ አባቶቼ» አለ። «እኔ እሺ ያልኩት ለየትኛው ነው?»

መጀመሪያ የሣቁት ሐጂ ናቸው። ከዚያ ነርሷ። ሣቁ እየተላለፈ መጥቶ እኔን ጨምሮ ሁላችንንም ያዘን፤ አባቴ ሦስት በር አልፎ ተኝቶ እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሣቅሁ። ሲያልቅ ሐጂ ዓይናቸውን ጠረጉና «ቆይ፣ ባለቤቱ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

ወንድሜ እኔን አየኝ፣ እኔ እህቴን አየሁ፤ ሐጂ ደገሙት።

«ሚስቱ። ምን አሉ?»

«አልነገርናቸውም» አለች እህቴ።

«አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረውት የኖሩትን ሴት ሳትጠይቁ፣ አይቼው የማላውቀውን እኔን ከደራ ጠራችሁኝ?» አሉ። አልተቆጡም፤ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነው። ሐኪሙም እጁን ወደ ኪሱ መልሶ «እኔ ያልሰሙ መሆናቸውን አላወቅኩም» አለኝ። በዚያ ቀን ከተባልኩት ሁሉ ይህ በጣም አሳፈረኝ።

እማዬ ግቢ ውስጥ ምስር እየለቀመች አገኘናት። አጠገቧ ተቀመጥኩና የክፍል ውስጥ ድምፄን አወጣሁ።

«እማዬ፣ አባዬ ትንሽ…»

«ማሽን ላይ ነው» አለችኝ ከትሪው ዓይኗን ሳታነሣ። «አይነቃም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሾርባው ነገረኝ። ቅዳሜ ጨው አልጨመርኩበትም። እሑድ ሁለት እፍኝ ጨመርኩበት። ሁለቱንም ቀን ‹በጣም ወደደው› ብለሽ ፔርሙዙን አመጣሽልኝ። አባትሽ አርባ ዘጠኝ ዓመት ጨው ሳይተች ማንኪያ አስቀምጦ ያውቃል?»

ወንድሜ ወደ እህቴ ዞሮ «ብዬሽ አልነበር? ምላሴን አቃጥሎኛል ብዬሽ አልነበር?» አላት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«እኔን በመደበቅ ተጠምዳችኋል፤ ሥራ ላስፈታችሁ?» አለች። ከዚያ ትሪውን አስቀመጠች። «ደግሞ እኔም ካልተናገርኩት ያልሆነ መስሎኝ ነበር።»

እጇን ያዝኩ፤ ምስሩ በመዳፋችን መሐል ነበር። ከዚያ ሐኪሙ የጠየቀንን ጠየቅኳት፤ አባዬ ምን ይፈልግ ነበር?

«እሱ የሚፈልገውን መች ያውቃል?» አለች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «ሸሚዙን እንኳ የምመርጥለት እኔ ነኝ። ርቦሃል ስለው ‹እኔ እንጃ› ይላል፣ ሳቀርብለት ጠርጎ ይበላል። ስለ ሌላው ጎማ ነው አስተያየት የነበረው እንጂ ስለ ራሱማ ምንም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እሱ ግን ባለቤቱም አያውቅም ነበር። በሉ ተነሡ፣ ውሰዱኝ።»

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ሁሉንም ነገር ነገራት፤ ሳይሸፍን፣ ሳያስጌጥ። ጉልበቷ አልከዳትም። ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ይሰማኛል?»

«አይመስለኝም እናቴ። ግን ፈጽሞ አይሰሙም ብዬ አልምልልዎትም።»

«ያመዋል?»

«አያማቸውም።»

«ይህ ማሽን ባይኖር ያኔውኑ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

ወደ እኛ ዞረች። «እንግዲያስ እነዚህን ዘጠኝ ቀናት ለእናንተ ነው የቆየው። ይበቃዋል።»

ወንድሜ ያ ሁሉ ድምፅ እያለው ያለ ድምፅ አለቀሰ። እማዬ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ «አንተ አልገደልከውም። እዚህ ማንም ማንንም አልገደለም» አለችው። እሱ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተከራከረም።

ሐኪሙ ወረቀቱን ከፊቴ አስቀመጠ። ብዕሩን አነሣሁ። ስሜን የምጽፍበት መስመር በነጥብ ተሰምሯል፤ በሺህ የሚቆጠር የተማሪ ካርድ ላይ የፈረምኩት ያው ስም ነው። እጄ እምቢ አለ። «መነጽሬ የለም» አልኩ። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር።

«አምጪው» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ ታላቋ እኔ ነኝ…»

«አንቺ ብትፈርሚ ወንድምሽ ሃያ ዓመት ይወቅስሻል። እሱ ቢፈርም ራሱን ይወቅሳል። ትንሿ ልጄም እንደዚያው። እኔ ልያዘው። አርጅቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ አልሸከመውም።»

ብዕሩን ሰጠኋት። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሟን አንድ አንድ ፊደል እያለች ጻፈች፣ የመጨረሻው ፊደል ከነጥቡ አልፎ ወጣ። ብዕሩ ከእጄ ሲወጣ የተሰማኝን ልናገር፤ እፎይታ ነው። ሐዘኑ በኋላ መጣ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ።

ከሰዓት የንስሐ አባቱ መጡና ጸለዩ። እህቴ ጸለየች፣ አክስቴና ሐጂም ዱዓ አደረጉ፤ ሁሉም ተራቸውን ጠበቁ። ከዚያ ማሽኑ ተነሣ። ወዲያው ያልቃል ብለን ትንፋሻችንን ይዘን ስንጠብቅ አባዬ በራሱ መተንፈስ ጀመረ፤ ያውም በዱሮው አተነፋፈስ፣ እያንኮራፋ፣ እያቆራረጠ፣ አንዱን ጀምሮ ሌላውን እየተወ። «ይኸው፣ አሁን እሱ ራሱ ነው» አለች እማዬና በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። ሾፌሩ ጓደኛው «ዳገት ላይ ነው፣ ማርሽ ቀይሯል» አሉ። ወንድሜ በተስፋ ሐኪሙን አየው፣ ሐኪሙ «የለም» በሚል በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። እማዬ እጁን ይዛ ስለ ጨው እየነገረችው ነበር።

ይህ ከሆነ መንፈቅ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ሄጄ ድንች እየላጥን፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ ቢላዋዋን አቆመች።

«ያን ቀን ትንሽ ብንቆይ ኖሮስ?» አለችኝ።

መምህርነቴ መጣ። ሦስቱን ሐኪሞች ጠቀስኩ፣ አንጎሉን አስረዳሁ፣ ስለ ሰው ክብር ተናገርኩ፣ ማሽኑ ባይኖር ያኔውኑ ይሞት እንደነበር አስታወስኳት። እንደ ጎበዝ ተማሪ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እኔም ለመደምደሚያ «ደግሞ ብቻሽን አልወሰንሽም እማዬ፤ ሁላችንም አብረን ነው የወሰንነው» አልኳት።

«አንቺማ አልፈረምሽም» አለችኝ።

ወቀሳ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገረችው። ብትወቅሰኝ የምመልሰው አላጣም ነበር።

«አልፈረምኩም» አልኳት።

ከዚያ ወዲህም እየደጋገመች ትጠይቀኛለች፤ አንዳንዴ ድንች ስትልጥ፣ አንዳንዴ ባጃጅ ውስጥ። ሐኪሞቹን መጥቀስ ትቻለሁ። ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ።